ያልሞተ ባል መበለት

ያን ቀን ጭጋጉ ከባሕሩ ላይ አልነሣ አለ። ጠዋት ስንወጣ ገደሉ አይታይም፤ ከገደሉ አናት ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን አትታይም፤ ማዕበሉም ቢሆን ድምፁ እንጂ አካሉ የለም። እንዲህ ያለ ቀን ለእኛ ሥራ የተረገመ ነው። ሆዱን ቀድደን፣ በጨው ውኃ አጥበን፣ ከሁለት ከፍተን በማስጫው መረብ ላይ የዘረጋነው አሣ ፀሐይና ነፋስ ካላገኘ ይለሰልስና ይበላሻል። ስለዚህ ላስቲክ አልብሰነው፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን፣ ጭጋጉን እየተራገምን ተቀመጥን።

እኛ ስል ኢዳሊናና እኔ ማለቴ ነው። እኔ ፊሎሜና ነኝ፤ በፖርቱጋል ባሕር ዳር ባለችው በናዛሬያችን ሁሉም ፊሎ ይለኛል። የእናቷ ማስጫ ከእናቴ ማስጫ አጠገብ ነበር፤ እናቶቻችን ሲሞቱ እኛ ተተካን። ሁለታችንም ማንበብ ከቻልን በኋላ ትምህርት ቤት አልቆየንም። ቢላዋ ሰጡን፣ እስከ ዛሬ አሣ እንቀድዳለን።

ኢዳሊና ሳቂታ ነበረች። ድምፅዋ ከባሕሩ ዳር እስከ ገበያው ይሰማል። አሣውን እያገላበጠ ዋጋ የሚከራከር ገዢ ሲመጣባት፣ «ጌታዬ፣ አሣው ሞቷል፣ ቢነኩት አይነሣም!» ትለዋለች። የምትለብሳቸው ጉርድ ቀሚሶች ቀይና ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ ነበሩ። እኛ ዘንድ ባሏ ባሕር ላይ ያለ ሴት ቀለም ትለብሳለች። ባሏ የሞተባት ጥቁር ትለብስና እስክትሞት አታወልቀውም። ባልሽ በሕይወት እያለ ጥቁር ቀሚስ በገመድ ላይ እንኳ አታሰጪም። ይኼን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ከጡት ጋር የጠባነው ነው።

ባሏ ቤልሚሮ ያን ጠዋት በካፒቴን ኪንቲኖ ጀልባ ባሕር ላይ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ከኪንቲኖ ሌላ ጀልባ አያውቅም። ዝምተኛ ሰው ነው፤ መሬት ላይ ሲሄድ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስላል፤ ጀልባ ላይ ሲወጣ ግን ትከሻው ቀጥ ይላል። ኢዳሊና፣ «ያገባሁት ከወገቡ በላይ ያለውን ነው፤ እግሩ የባሕሩ ነው» ትል ነበር።

አሁን ወደ ቫልተር ልምጣ። ስሙን ስጽፍ እንኳ ጥርሴ ይፋጫል።

ቫልተር የኢዳሊና የክርስትና ልጅ ነው። ውኃው ሲፈስበት በእጇ ይዛዋለች። የራሷ ልጅ ስላልነበራት፣ ሲያድግም ግማሽ ቀኑ በእሷ ቤት፣ ግማሽ ምሳው በእሷ ሳህን ነበር። ከዚያ ሊዝበን ሄደ፤ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ያዘ። እዚያ ሆኖ የዕረፍት ጊዜያቸውን ሊያሳልፉ የሚመጡ ሰዎች ምን እንደሚጠይቁ ሰማ። «ከከተማው ወጣ ብለን በአንድ ቀን ደርሰን የምንመለስበት፣ ፎቶ የምናነሣበት ቦታ የት ነው?» ነው የሚሉት። ቫልተርም ነጭ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ቢሮ ከፍቶ ተመለሰ። ከሊዝበን በጠዋት ይጭናቸዋል፣ ማታ ይመልሳቸዋል። የአንገታቸውን ካሜራ ያየ ሰው ግንድ የተሸከሙ ይመስለዋል።

ዕቅዱን አንድ ቀን አሳይቶናል፤ ኮርቶበት። ጠዋት፣ መበለት አሣ ስታሰጣ። ቀጥሎ ምሳ። ከሰዓት በኋላ ገደሉ። ማታ የጀንበር መጥለቅ። እኛ ከምሳ በፊት ነበርን ማለት ነው።

መጀመሪያ ስቀን ተውነው። ቀስ እያለ ግን በራሳችን ማስጫ ላይ አዛዥ ሆነ። ሰማያዊዎቹን የላስቲክ ሣጥኖቻችንን ከዓይን አርቆ የሸንበቆ ቅርጫት አመጣ፤ ላስቲክ ለፎቶ አያምርም አለ። አንድ ቀን ደግሞ መጣና፣

«እትዬ ፊሎ፣ ማስጫሽን ትንሽ ወደ ግራ ብታደርጊልኝ? የመጸዳጃ ቤቱ በር በፎቶው ውስጥ እየገባ ነው» አለኝ።

«አንተስ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ብትገባ?»

ሳቀ። ሁልጊዜ ይስቃል። ስትሰድበው የሚስቅ ሰው ምን ይደረጋል?

የዕቅዱ መበለት እማማ ኤቴልቪና ነበሩ። ባላቸው ከብዙ ዓመት በፊት ባሕር ላይ የቀረባቸው፣ ጥቁር ለባሽ፣ ፊታቸው እንደ ደረቀ አሣ የተሸበሸበ ሴት ናቸው። ሚኒባሱ ሲመጣ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው አሣ ይቀድዳሉ፤ ባለ ካሜራዎቹ ይከቧቸዋል። እሳቸው ግድ የላቸውም። «ባሌን ወስደው ቢሆን ኖሮ እቆጣ ነበር፤ እሱን ባሕሩ ቀድሟቸዋል» ይላሉ።

ያን የጭጋግ ቀን ግን እማማ ኤቴልቪና አልነበሩም። ልጃቸው ለዓይን ሕክምና ወደ ሌይሪያ ከተማ ወስዳቸዋለች። ቫልተር ይኼን ያወቀው ሚኒባሱን ካቆመ በኋላ ነው። በአሸዋው ላይ እየሮጠ መጣ። እንግዶቹ ከኋላው ቆመው ጭጋጉን ያያሉ፤ ፊታቸው ልክ እንደ ሰማዩ ነው።

«ኤቴልቪና የታሉ?»

«ሌይሪያ» አልኩት።

«ዛሬ? ዛሬ ነው ሌይሪያ የሚሄዱት?»

«ዓይናቸው ያንተን ሚኒባስ ጠይቆ አይታመምም።»

ወደ ኢዳሊና ዞረ። «እትዬ፣ አለቀልኝ። ፀሐይዋን ቃል ገብቼላቸው ነበር፣ ፀሐይ የለችም። ገደሉ የለም። መበለቷም ከሌለች በኢንተርኔት ይገድሉኛል። እነዚህ ሰዎች ሲከፋቸው ዝም አይሉም፤ ይጽፋሉ።»

«ይጻፉ። መጻፍ ከቻሉ ጎበዞች ናቸው።»

«እትዬ፣ እባክሽ። አንቺ ተቀመጪልኝ።»

«ተቀምጬ የለም እንዴ?»

አሣ የምናስቀምጥበት ጎጆ ውስጥ ገብቶ የእማማ ኤቴልቪናን ትርፍ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻርፕ ይዞ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ከበርጩማዬ የተነሣሁት።

«መልሰው» አልኩ። «ቫልተር፣ አሁኑኑ መልሰው። ባሏ ባሕር ላይ ነው።»

«ከጀርባ ብቻ ነው፣ እትዬ ፊሎ። ፊቷ አይታይም። ልብስ እኮ ነው፣ ጨርቅ።»

ኢዳሊና መጀመሪያ ሳቋ ጠፋ። ወደ ባሕሩ አየች፤ ጭጋግ ነው። ወደ ቫልተር አየች። ልጁ ሊያለቅስ ደርሷል፤ ወይም ሊያለቅስ የደረሰ መምሰል ይችልበታል። በልጅነቱ ምግብ አልበላም ሲላት የሚያሳያት ፊት ነበር፤ ያን ፊት አይታ እምቢ ብላው አታውቅም።

«ከጀርባ ከሆነ» አለች በመጨረሻ፣ «የሚወጣው መቀመጫዬ ነው። ሰፊ ካሜራ ይዘዋል?»

«ኢዳሊና፣ አይሆንም» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ፣ ፊሎ፣ ልክ እናትሽን ሆንሽ። እዪ፤ የራሴን አላወልቅም። ቀዩን ከሥር ለብሼ ይኼን ከላይ ብቻ አደርገዋለሁ። ቀዩ ካለ አይቆጠርም።»

ቀዩ ካለ አይቆጠርም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይኼን ቢሰማ ይስቃል። እኔ ግን ሰማሁና ግማሽ ልቤ አመነ፤ ምናልባት አይቆጠር ይሆናል አልኩ። እዚህ ተወልደሽ ካደግሽ እንዲህ ያለ ሒሳብ ትሠሪያለሽ።

ጥቁሩን አጠለቀች። ሻርፑን በራሷ ላይ አደረገች። ጀርባዋን ለእንግዶቹ፣ ፊቷን ለማስጫው ሰጥታ አሣ መደርደር ጀመረች። ካሜራዎቹ ተንጣጡ። ጭጋጉም ጥሩ ነው ተባለ፤ እንዲያውም ከፀሐይ ይሻላል ተባለ። አንዲት ረጅም፣ ነጭ ፀጉር ያላት ሴት አሸዋው ላይ ተንበርክካ ከጎን በኩል ትጠባበቃለች። ቫልተር በሹክሹክታ፣ «ድንቅ፣ እትዬ፣ ድንቅ» ይላል።

በዚህ መሃል የወደቡ ጡሩምባ ተነፋ።

በጭጋግ ቀን ጡሩምባው የሚነፋው ጀልባ ከባሕር ሲመለስ መንገድ እንዳይስት ነው። ድሮም ይነፋል። ግን በጭጋግ፣ ያ ወፍራም ድምፅ በድንገት ሲመጣ፣ ባሏ ውጭ ያለ ሴት ሁሉ ዞራ ባሕሩን ታያለች። በመኝታዋ ብትሆን ትነሣለች። ኢዳሊናም ዞረች። ጥቁር እንደለበሰች ረሳች፣ ካሜራዎቹን ረሳች። አንገቷን አስግጋ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ ምንም የማይታይበትን ባሕር አየች። አሣ የያዘ እጇ ደረቷ ላይ ቀረ።

ረጅሟ ሴት ያኔ ነው ያነሣቻት።

ኪንቲኖ በሰላም ገባ። ጀልባው ሙሉ ነበር፤ ቤልሚሮም ለምሳ ቤቱ ደረሰ። ኢዳሊና ጥቁሩን አውልቃ ወደ ጎጆው ወረወረችው፤ በማግሥቱም እርስ በርሳችን እንደ ቀልድ አወራነው። አለቀ፣ አልፏል ብዬ ነበር።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ፎቶግራፉ መጣ። ረጅሟ ሴት ለምስጋና ለቫልተር ልካለት ነበር። ቫልተርም ወስዶ በትልቅ ባነር አሳተመው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፤ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሮም ከቢሮው ፊት ለፊት አቆመው። ከላይ «የናዛሬ መበለት» ይላል። ከሥር ሚኒባሱ የሚነሣበት ሰዓትና ስልክ ቁጥር አለ። መሃሉ ላይ ኢዳሊና አለች፤ ጥቁር በጥቁር ሆና፣ ባሏን ባሕር የበላባት ሴት ዓይን ይዛ። ውሸት አልነበረም፤ ይኼ ነው የሚያናድደኝ። ፊቷ እውነተኛ ነበር። እሷ ለባሏ ፈርታ ያየችውን፣ እሱ ለሚኒባሱ ሰቀለው።

ቢሮው ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው ብያለሁ። ዓሣ አጥማጅ የሆነ ሁሉ ሲነጋ በዚያ ያልፋል።

ቤልሚሮ አየው። የዚያን ዕለት ሥራ ሄዶ ተመለሰ። ራት ሲቀርብለት ማንኪያውን ሳያነሣ፣ «እኔን ስትቀብሪኝ ብርድ ነበር ወይስ ሙቀት?» አላት። እሷ አለቀሰች፤ ከሥር ቀይ ለብሼ ነበር አለችው፤ ቀሚሱን አውጥታ አሳየችው። እሱ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አየውና ተነሣ።

ከዚያ የጀልባው ሰዎች ጀመሩ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። «ነፍስ ይማር ቤልሚሮ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት!» ይሉታል። «ሲኦል ውስጥ የአሣ ዋጋ እንዴት ነው?» ይሉታል። ከዚያ መረብ ተቀደደ፤ መረብ ምንጊዜም ይቀደዳል። አንዱ ጣቱን ገመድ ያዘው። በሚቀጥለው ሳምንት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቀልዱ ቆመ። ኪንቲኖ ወደብ ላይ፣ መረብ በሚጠገንበት መጋዘን ደጃፍ፣ ቤልሚሮን ጠራው። እኔ ለአሣ ሄጄ እዚያው ቆሜ ነበር።

«ቤልሚሮ፣ ትንሽ ዕረፍ።»

«ለምን አርፋለሁ? ታምሜአለሁ?»

ከጀልባው ልጆች አንዱ፣ ጣቱ የተጠቀለለው፣ «አልታመምክም፤ ሞተሃል። ሚስትህ ናት የነገረችን» አለ።

«ዝም በል አንተ!» አለው ኪንቲኖ። ወደ ቤልሚሮ ሲዞር ግን ፊቱን ማየት አልቻለም። «እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ። ሰዎቹ ናቸው። አንተ ካለህ መረብ አንጥልም ይላሉ። ባሕሩ እንደራሱ ቆጥሮታል፣ መጥቶ እስኪወስደው ይጠብቃል ይላሉ።»

«ከሥር ቀይ ለብሳ ነበር» አለ ቤልሚሮ።

ቤቱ ውስጥ ያላመነላትን ውጭ ተከራከረላት።

«ፎቶው ላይ ቀዩ አይታይም» አለ ኪንቲኖ።

እኔ አልቻልኩም። «እናንተ!» አልኳቸው። «ጀልባችሁ ላይ ራዳር አላችሁ፤ ስልካችሁ የነገውን ነፋስ ይነግራችኋል፤ አንዲት ጥቁር ቀሚስ ግን ታስደነግጣችኋለች? ሠላሳ ዓመት አብሯችሁ የበረደውን ሰው ልትጥሉት ነው?»

«ሂጂ፣ ፊሎ» አለኝ ኪንቲኖ፤ አልተቆጣኝም። «ልጅሽን ጠይቂ።»

ልጄ ሌላ ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው። ማታ ጠየቅሁት። ቤልሚሮን ካፒቴንህ ይወስደው ይሆን ወይ አልኩት። «እማ፣ እሱ ሲገባ እኔ እወርዳለሁ» አለኝ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ምን ልበለው? ውጣና እሱ አጠገብ ሁን ልበለው? አፌን ዘጋሁ። ይኼው ነው። ሌላውን ስሳደብ እኔም የዚያው ባሕር ዳር ሴት ነኝ።

ኢዳሊና አንድ መንገድ ብቻ ታያት፤ ያ ባነር ከወረደ፣ ሰው ከረሳ፣ ቤልሚሮ ወደ ጀልባው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሌላ አልፈለገችም። ወደ ቫልተር ቢሮ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ፤ ብቻዋን ከሄደች ያን ፊት አሳይቶ እንደሚመልሳት አውቃለሁ።

«ያንን አውርደው» አለችው፣ በር ላይ ቆማ።

«እትዬ ኢዳሊና! ግቢ፣ ተቀመጪ። ቡና ልስጥሽ።»

«ቡናህን አልፈለግሁም። አውርደው።»

«እትዬ፣ ስሚኝ። ሰው የሚመጣው ይኼን አይቶ ነው። የሚቀጥለው በጋ ከአሁኑ ተይዟል። አንቺን በስም ነው የሚጠይቁኝ፤ መበለቷ አለች ወይ ይሉኛል።»

«መበለት አይደለሁም!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ፎቶ ነው እኮ። በዚህ ዘመን በቀሚስ የሚያምን ሰው ካለ ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ነው?»

«አንተ ያደግኸው እዚህ ነው» አልኩት። «ስታመጣላት ታውቅ ነበር። ከጀርባ ብቻ ያልከው ስለምታውቅ ነው።»

ይኼ ነካው። ሳቁ ለአፍታ ጠፋ፣ ተመልሶ መጣ። «ለጋሼ ቤልሚሮ እኔ ሥራ እሰጠዋለሁ። ሚኒባሱን ይንዳ። ሙቀት አለ፣ ሙዚቃ አለ።»

«ቀበቶ አስረህ ታስቀምጠው?» አለችው ኢዳሊና። «ጡት ያላጠባሁህ ወተት ስላልነበረኝ ነው። ቢኖረኝ አጠባህ ነበር፤ ዛሬ እሱንም ትሸጠው ነበር።»

አወረደው፤ ውሸት አልናገርም። ለጥቂት ቀን አወረደው። ከዚያ እንግዶች ከፊቱ ቆመው ፎቶ መነሣት ይፈልጋሉ ብሎ መልሶ ሰቀለው። ከመጀመሪያው ይልቅ መልሶ የሰቀለበት ቀን ነው የከፋት፤ ለካ ማውረድ ይቻል ነበር።

ግንቦት ላይ የጀልባዎች ቡራኬ ነው። ጀልባዎቹ በባንዲራና በአበባ ተሸልመው በወደቡ ይዞራሉ፤ ቄሱ ጠበል ይረጫሉ፤ የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች ያላቸውን ቀሚስ ሁሉ ደራርበው ይወጣሉ። ኢዳሊና ከሁሉም በልጣ እንደ አውራ ዶሮ ደምቃ ወጣች፤ በጣቷ ላይ ወርቅ፣ በአንገቷ ወርቅ። ቤልሚሮን በክንዱ ይዛ ከፊት ቆመች። ቄሱን አስቀድማ ለምናቸው ነበር፤ እሳቸውም ሲያልፉ ቆም ብለው በቤልሚሮ ራስ ላይ ጠበል ረጩ፤ ሁሉም እያየ። ከእንግዲህ ምን ቀረ? ተባርኳል፣ ሕያው ነው፣ ሚስቱ ቀይ ለብሳለች።

የኪንቲኖ ጀልባ በፊታቸው አለፈ። በቤልሚሮ ቦታ፣ በጀልባው አፍንጫ በኩል፣ የማናውቀው ሰው ቆሟል። ኪንቲኖ ባርኔጣውን አነሣ፤ ለሬሣ እንደሚነሣ ዓይነት። ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ቤልሚሮ ግን ክንዱን ከሚስቱ እጅ ቀስ አድርጎ አወጣና ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በፊት ሲነጋ ሻንጣውን ይዞ ወደ ወደቡ ወርዶ፣ ማንም ሳይጠራው ይመለስ ነበር። ከቡራኬው ወዲህ ያንንም ተወ።

በጋው መጣ። ሚኒባሱ አንድ ነበር፣ ሁለት ሆነ። እማማ ኤቴልቪና ዓይናቸው ድኖ በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሰው ግን እሳቸውን አይፈልግም። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን ያያሉ፣ ከዚያ ኢዳሊናን ያያሉ፣ ደግሞ ፎቶውን ያያሉ። አንዱ ጎልማሳ መጣና በእጁ ምልክት፣ በራስሽ ላይ ሻርፕ አድርጊ፣ ወደ ባሕር ዙሪና እዘኚ አላት። እንዴት እንደሚታዘን በፊቱ አሳያት።

ኢዳሊና አየችው። የምትቀድደውን አሣ አስቀመጠች። ቢላዋውን አላስቀመጠችም። ሰውየው ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እሷ ግን አልፋው ሄደች፤ በአሸዋው ላይ፣ በአስፋልቱ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። እኔ ከኋላዋ ሮጥኩ። ቫልተር ለአዲስ መጪዎች የቀኑን ዕቅድ እያስረዳ ቢሮው በር ላይ ነበር፤ የጀንበር መጥለቅ የት ቦታ እንደሚሻል።

«እትዬ?» አለ።

ባነሩ ፊት ቆመች። ቢላዋው ሆድ የምንቀድድበት፣ አጭርና ስለታም ነው። የራሷን ፊት ከግንባር ጀምራ በጉንጭ በኩል፣ በአገጭ ሥር አዙራ ቀደደችው፤ ልክ የአሣ ጭንቅላት እንደምናወጣ። ፊቷን አውጥታ አጣጠፈችውና በሽርጧ ኪስ ከተተችው።

«ይኼ የእኔ ነው» አለችው። «ቀሪውን ውሰድ።»

ከእንግዶቹ አንዱ አጨበጨበ። የዕቅዱ ክፍል መስሏቸው ነው። ሁሉም አጨበጨቡ፤ ካሜራዎቹ ተንጣጡ። ኢዳሊና በመካከላቸው እየሰነጠቀች ወጣች፤ እኔ ሰው መትቼ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን አንዱን በክርኔ ጎኑ ላይ ሰጠሁት፤ አልጸጸትም።

ቫልተር ፖሊስ አልጠራም። ያን ያህል ይሉኝታ ተርፎለታል፤ ወይም ሥራ በዝቶበት ነበር። እኛም በቃ፣ አሁን ባነሩን ይጥለዋል አልን። አልጣለውም። በማግሥቱ ሳልፍ ከባነሩ ፊት ሰልፍ አየሁ። እየተሳሳቁ ከኋላ ይዞራሉ፣ ኢዳሊና በቀደደችው ቀዳዳ ፊታቸውን ያስገባሉ፣ ጓደኛቸው ከፊት ያነሣቸዋል። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻርፕ፣ መሃሉ ላይ ጢማም ጎረምሳ ምላሱን አውጥቶ። ቫልተር አጠገባቸው ቆሞ ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ ይነግራቸዋል።

ለኢዳሊና አልነገርኳትም፤ ራሷ አየችው። «ፊሎ፣ መበለቷ እኔ መሆኔ ቀረ፤ አሁን ማንም ነው» አለች። እኔም፣ እንግዲያስ ኪንቲኖ ይሰማል፣ ሰዎቹ ይመለሳሉ ብዬ ነበር። ሄጄም ነገርኩት። ኪንቲኖ መረቡን እየጠገነ አዳመጠኝ። «አንዴ ያየነውን አየን፣ ፊሎ» አለኝ። በቤልሚሮ ቦታ የቆመው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ መርፌ ያቀብለዋል፤ ጥሩ ሰው ይመስላል፤ እሱንም ጠላሁት።

መስከረም ላይ ኢዳሊናና ቤልሚሮ ናዛሬን ለቅቀው ሄዱ። የማስጫዋን መረብ ለእኔ ተወችልኝ፤ ቢላዋዋን ይዛ ሄደች። የቫልተር ሚኒባስ ሲሄዱ መንገድ ዘግቶባቸው ስለነበር ዕቃ የጫነው መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ እሱም ከመስኮቱ እጁን አወዛወዘ፤ ማን እንደሆነ አላየም። ባነሩ እስከ ዛሬ አለ፤ ፀሐይ አደብዝዞታል፣ ቀዳዳው በብዙ አንገት ሰፍቷል።

ኢዳሊና አሁን ማሪኛ ግራንዴ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከባሕሩ ራቅ ባለ ሠፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ቤልሚሮ ጠርሙስ በሚሠራ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነው። እሷ ትምህርት ቤት ታጸዳለች፤ ለሥራው በሚሰጧት ሰማያዊ ልብስ ሥር ቀዩን ቀሚስ ትለብሳለች።